ቴንዲኖፓቲ፦ የጅማት መጎሳቆል

ቴንዶን ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጅማት ነው። ይህ ጅማት ከአቅሙ በላይ ተደጋግሞ ሲሠራ የሚደርስበት ጉዳት ቴንዲኖፓቲ ይባላል፤ በአማርኛ «የጅማት መጎሳቆል» ቢባል ይስማማዋል። ቀድሞ «ቴንዲናይተስ»፣ ማለትም የጅማት ብግነት፣ ይባል ነበር። የታመመው ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ግን ጎልቶ የታየው ብግነት ሳይሆን የክሮቹ መዛባት ነው፤ ስሙም የተለወጠው ለዚህ ነው።

ወለምታ ከዚህ ይለያል። እግር ሲጠመዘዝ የሚጎዳው በአብዛኛው አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስረው ጅማት፣ ሊጋመንት፣ ነው፤ ቁርጭምጭሚትም ወዲያው ያብጣል። መጎሳቆል ግን ቀስ በቀስ ይመጣል። ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ከተረከዝ በላይ ይገትራል፤ ሲራመዱ ሻል ይላል፤ ሥራ ሲበዛ ተመልሶ ያማል።

ብዙ ጊዜ የሚጎሳቆለው ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው አኪለስ ነው፤ ከሰውነት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙም ጠንካራውም እሱ ነው። ከጉና ደጋ እስከ ዓባይና በሽሎ ቆላ በሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ሰው አቀበት ሲወጣ ይህ ጅማት ተወጥሮ ገላንም ሸክምንም ይገፋል። ሸክሙ ወይም መንገዱ በድንገት ሲጨምር ነው የሚጎዳው። ሲፕሮፍሎክሳሲንን የመሰሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ለዚህ ጉዳት ያጋልጣሉ። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ይኸው ጅማቱ ያመው ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል።

ወጌሻ ቢያሸው ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ የላላውን ክር የሚያጠነክረው ግን በልክ የሚጨመር ሥራ ነው። ጨርሶ መተኛትም ጅማቱን ያደክመዋል። ሸክምና አቀበት ቀንሶ፣ በእግር ጣት ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ሕክምና ነው፤ ለውጡ 12 ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል።

ጅማቱ ከተበጠሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው ከኋላው በድንጋይ የተመታ ይመስለዋል፤ በዚያ እግር ጣት መቆም ያቅተዋል። በደረቱ አስተኝተው ባቱን ሲጨምቁት መርገጫው ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ መበጠሱን ያመለክታል። ያን ጊዜ ማሸት አይገባም፤ ጣቶቹን ወደ ታች እንዳዘነበሉ እግሩን በጣውላ ደግፎ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ማድረስ ነው።