ስለ ሕንጻዎች የብዕር ሥዕልና ስለ ራያ ቆላ

እስከ 2013 ዓመተ ምሕረት መባቻ ድረስ በቆቦ ገበያ በሬውን የሸጠ ገበሬ ሁሉ የጎንደርን ግንብ በመቀነቱ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ይኸውም በ1969 ዓመተ ምሕረት የወጣው የ50 ብር ኖት በጀርባው የዐፄ ፋሲልን ግንብ ሥዕል ስለ ያዘ ነው። ገበሬው ጎንደርን አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ዳሩ ግን የግንቡን ቁልቁል ክብ ማማዎች፣ የጣራውን ጥርስ ጥርስ ያለ ጫፍ፣ በዓይኑም በጣቱም ያውቀዋል። የገንዘብ ወረቀት ሥዕል በብዙ ቀጫጭን መሥመር በብረት ላይ ተቀርጾ፣ ቀለሙ በቅርጹ ውስጥ ገብቶ፣ በከባድ ማተሚያ ተጭኖ የሚወጣ ነውና። ከዚያም በፊት በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የመቶ ብር ኖት የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ይዞ ነበር። እንግዲህ በአገራችን የብዕርና የቀለም ሥዕል የሆነ የከተማ ሕንጻ ከማንኛውም ይልቅ በብዙ ሰው እጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ግን ገንዘቡን ሲቆጥር ሥዕሉን ሥዕል ብሎ አይመለከተውም።

በሌላው ዓለም ግን ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ጥበብና ንግድ ሆኖ ይኖራል። ከተማን ከተማ ያሰኘውን ሕንጻ፣ ግንቡን፣ የደወሉን ቤት፣ ድልድዩን፣ አደባባዩን በጥቁር ቀለም ነድፎ፣ አባዝቶ አትሞ መሸጥ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቹ ሠዓሊዎች በሥራው ላይ ጨዋታ ይጨምሩበታል፤ ማማውን ጥቂት ያዘነብሉታል፣ ጎዳናውን እንደ መቀነት ያጠማዝዙታል፣ ድመቷን ከቤቱ አግዝፈው በጣራው ላይ ያስቀምጧታል። የከተማው ሰው ይህን ገዝቶ በግድግዳው ይሰቅላል፤ ባየውም ቁጥር ፈገግ ይላል። ለቆቦና ለራያ ቆላ ሰው ይህ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲታይ ታሪኩን ከሥሩ ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረት ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተነገረ ነው።

ጨዋታው አዲስ አይደለም። የኢጣልያ ሰዎች ያለውን ሕንጻ ከሌለው ጋር አጋጥሞ፣ እንደ ልብ ምኞት አዛውሮ የሚሣለውን ሥዕል ካፕሪቾ ይሉት ነበር። በዚህም በዚያም የታወቀው ከ1720 እስከ 1778 የኖረው ጆቫኒ ባቲስታ ፒራኔዚ ነው። እርሱ የሮማን ፍርስራሽ በመዳብ ሠሌዳ እየቀረጸ በብዙ ቅጠል አትሞ ለመንገደኞች ሸጠ፤ ሕንጻውን ግን ከቁመቱ አስረዝሞ፣ ከሥሩ የሚሄደውን ሰው አሳንሶ ነበርና ሮማ ከሥዕሏ አነሰች። የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ ከተማዋን አስቀድሞ በፒራኔዚ ሥዕል ያውቃት ስለ ነበር በ1786 ገብቶ ባያት ጊዜ የጠበቀውን ያህል አላገኘባትም። ይህን ሰምቶ ሠዓሊውን ሐሰተኛ የሚል ቢኖር ፍርዱ የቸኮለ ነው። የሮማ ሰው በዚያ ሥዕል አልተሳሳተም፤ ቤቱ ነውና፤ ሠዓሊው የት ላይ እንዳስረዘመና ስለ ምን እንዳስረዘመ ያውቃል። የተሳሳተው ከሩቅ ሆኖ ያየው ነው። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ሰሙን ያላወቀ ወርቁን ሊያገኝ አይችልም፤ ባለቅኔው ቃሉን ቢያጎብጠው ደስ የሚለው ቀናውን ለሚያውቅ ነው።

በአገራችንም ሕንጻን መሣል ከጥንት የነበረ ነው። በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ወንጌሎች ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ከእነርሱም በአንደኛው እንግዳ የሆነ ደረጃ ያለው አንድ ሕንጻ ተሥሏል፤ ሊቃውንትም የሰሎሞን መቅደስ ነው ይላሉ። ሠዓሊው መቅደሱን አላየም፤ መቅደሱም ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ስለዚህ በልቡ ያለውን ሠራ። ከዚያ ወዲህ የነበሩት ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ኢየሩሳሌምን ሲሥሉ አብያተ ክርስቲያኑን በአገራቸው መልክ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ጥላሸትና የተቆላ እህል አዋሕደው ጥቁሩን ቀለም አብስለው፣ መቃ ቀርጸው፣ በምዕራፉ ራስ ሐረግ ሲስቡ በሐረጉ መካከል ወፍና ፊት ጣል እያደረጉ። በእርግጥ ይህ ለጸሎት መጽሐፍ ጌጥ እንጂ ከተማን ለማሳየት የተደረገ አልነበረም፤ የአጥቢያቸውን ደብር ወይም ገበያ እንዲህ ነበር ብለው ለትውልድ ለማቆየት ብዙ አልደከሙም።

ይህን ያሰቡት እንግዶች ሆኑ። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከባሕር ወደ ሸዋ ሲወርድ በአንጎት በኩል አልፏል። አንጎት የጥንት አገር ስም ነው፤ ዛሬ ራያ ከሚባለው ጋር ይነካካል። በዚያም ብረትና አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራባቸው አይቶ ጽፏል። ላሊበላን ባየ ጊዜ ግን ብዕሩ ደከመ፤ ከዚህ አብልጬ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ፈራ፤ የጻፈውም እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ማለ። መጽሐፉን በ1550 በቬኒስ ራሙዚዮ የተባለው ሰው ከሌሎች የመንገደኞች ጽሑፍ ጋር ሲያትመው የአንዳንዶቹን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የመሬት ንድፍ ጨመረበት። ንድፉን ማን እንደ ሰጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቃል የማይታመን በሆነበት ቦታ መሥመር ገባ ማለት ነው። ከእነዚያ የጥቁር ቀለም መሥመሮች የተነሣ ከላስታ ዐለት የተፈለፈለው ቤት በቬኒስ ወረቀት ላይ ታየ፤ አንጎት ግን በዚያው መጽሐፍ በቃል ብቻ ቀረ።

ከዚህም በኋላ ነገሩ በዚሁ መንገድ ሄደ። ሄንሪ ሶልት በ1805 አክሱም ደርሶ ሐውልቱን ነደፈ፤ ንድፉም በ1809 በለንደን በትልልቅ ቅጠል ታትሞ ወጣ። የፈረንሳዩ ቆንስል አሺል ራፍሬ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ ከነሥዕሉ በ1882 በፓሪስ አሳተመ። ከሁሉ ይልቅ ግን የ1868 ዘመቻ ሊታሰብ የሚገባው ነው። እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ለንደን የሚታተመው ሥዕላዊ ጋዜጣ ዊልያም ሲምፕሰን የተባለውን ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ላከ፤ ይህም ሰው አስቀድሞ በክሪሚያ ጦርነት ሥዕል ስሙን ያስጠራ ነበር። ከመኰንኖቹም ሮበርት ቤግሪ የተባለው የነደፈውን ለዚያው ጋዜጣ ይልክ ነበር። ጦሩ ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎ አድርጎ ወደ አሸንጌ ሐይቅ መጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ቆላው አልወረደም፤ በደጋው ጫፍ ወደ ተከዜ ምንጭ አመራና በዋድላ በኩል መቅደላን ያዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ።

በመንገድ የተነደፈው ንድፍ እንዴት ጋዜጣ እንደሚሆን ማወቅ ነገሩን ይገልጠዋል። ወረቀቱ በእንስሳ ጀርባ ወደ ባሕር፣ በመርከብም ወደ ለንደን ይሄዳል። በዚያ ሥዕሉ በጠንካራ እንጨት ላይ ተገልብጦ ይሣላል፤ እንጨቱም ከብዙ ቁራጭ በብሎን የተገጠመ ነው። ሥራው እንዲፈጥን ቁራጮቹ ተፈትተው ለብዙ ቀራጮች ይታደላሉ፤ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ተራራውን፣ አንዱ ሰዎቹን ይቀርጻል፤ ሲነጋ ተገጥሞ ይታተማል። ከቀራጮቹ አንዱም ኢትዮጵያን አላየም። ሠዓሊው በችኮላ ባዶ የተወው ቦታ ቢኖር ቀራጩ ከሚያውቀው ይሞላዋል፤ ለሚያየው ሰው የአገሩ ዛፍ የእንግሊዝ ዛፍ፣ የአገሩ ድንጋይ የስኮትላንድ ድንጋይ ይመስላል። ይህም ጨዋታ ሳይሉት የተደረገ ጨዋታ ነው፤ የሚያርመውም አልነበረም፤ የላስታና የየጁ ሰው ጋዜጣውን አላየውምና።

እንግዲህ መንገደኛው ሁሉ ከደጋው አፋፍ ሲሄድ ቆላው በስተ ምሥራቅ ይቀር ነበር። በራሙዚዮ ንድፍ፣ በሶልት ቅጠል፣ በራፍሬ መጽሐፍ፣ በገንዘቡም ወረቀት ቆቦ የለችም። ምክንያቱን ማግኘት አያስቸግርም። የራያ ቆላ የድንጋይ ግንብ ወይም የዐለት ቤት የሚታይበት አገር አይደለም፤ ሜዳ ነው። ሀብቱ ማሽላና ጤፍ፣ ከብትና ግመል ነው። ዝናም በደጋው ሲዘንም የሆርማትና የጎሊና ወንዝ ደረቅ አሸዋቸውን ሞልተው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን በአፈርና በቅጠል እየገደበ ወደ እርሻው ይመልሰዋል። ይህ ሥራ እንደ ላሊበላ ዘላለማዊ አይደለም፤ በየዓመቱ ይፈርሳል፣ በየዓመቱ ይሠራል። ለሠዓሊ ግን ከግንብ የማያንስ ነበር፤ የሠራው ሰው ከሥራው ጋር አብሮ ይታያልና። ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ትልቁን መንገድ በወልድያና በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ ባወጡት ጊዜ መንገደኛው ሁሉ በቆላው መካከል ማለፍ ጀመረ፤ አሁንም ግን ዓይኑ ወደ ፊት ነበር፤ ቆቦ የሚያልፉባት እንጂ የሚቆሙባት አልሆነችም።

መንደፍ ምን እንደሚያተርፍ ለማየት ወደ አክሱም መሄድ ይበቃል። በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጡት የጀርመን ሊቃውንት የአክሱምን ፍርስራሽ ለክተው ነደፉ፤ ንድፉን ያሰናዳው የሕንጻ ዐዋቂ ዳንኤል ክሬንከር ነበር፤ ሥራቸውም በ1913 በበርሊን ታተመ። ከነደፉት መካከል ታእካ ማርያም የሚባለው የጥንት ቤተ መንግሥት ይገኛል። በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች መንገድ ሲያወጡ ይህን ፍርስራሽ አጠፉት። ዛሬ ታእካ ማርያም ስንት አዳራሽ እንደ ነበራት፣ ደረጃዋ በየት እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው ከክሬንከር ቀለም ነው። በዚያ ንድፍ ውስጥ ድመት የለም፤ የዘመመ ማማም የለም፤ ደረቅ ነው፤ ልኩ በቁጥር ተጽፏል። ቤቱ ግን አልሞተም።

በ2013 እና በ2014 ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ በቆቦ ላይ ተፈራረቀ። ሰው ሞተ፤ ቤትና ሱቅ ተጎዳ፤ ከተማዪቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አልፋ እንደ ገና ተመለሰች። የሞተውን ሰው ሥዕል አይመልሰውም፤ ስለ ቤት መናገርም በዚህ ፊት ያሳፍር ይሆናል። ነገር ግን የተረፉት ሰዎች ከተማቸውን መልሰው ሲያበጁ እዚህ ጋ ይህ ነበር፣ ከዚያ ማዶ ያ ነበር እያሉ በቃል መስማማት አለባቸው፤ ሽማግሌ ያስታውሳል፣ ልጅ ይጠይቃል፣ ሁለት ጎረቤቶችም ስለ አንድ ደጃፍ ይከራከራሉ። ፎቶግራፍ አለ ቢባል እውነት ነው፤ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ብዙ አለ። ፎቶግራፍ ግን በፊቱ የቆመውን ሁሉ ሳይመርጥ ያነሣል፤ ብዙውም ሰርግና ልደት ነው፣ ቤቱ ከሰው ትከሻ ኋላ በቁራጭ የሚታይበት። ነዳፊ ግን ይህ ይቅር፣ ይህ ይግባ ብሎ መፍረድ አለበት፤ ለመፍረድም ቆሞ ማየት፣ ባለቤቱን መጠየቅ፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት ማወቅ ያሻዋል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት የተማሩ ወጣቶች የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት፣ ሐውልቶችና አሮጌ ቤቶች በብዕር እየነደፉ፣ አንዳንዶቹም በጨዋታ እያጣመሙ ያትማሉ። የአራዳ ሰው የጊዮርጊስን ደብር ከመጠኑ አብጦ ቢያየው ይስቃል፤ ልኩን ያውቀዋልና። በ2016 ዓመተ ምሕረት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ እንደዚህ ያለው ቅጠል ከጨዋታነቱ አልፎ ማስረጃ ሆነ። ለቆቦ ግን ጨዋታው ሁለተኛ ነው። ቀናው መሥመር ሳይሠመር የተጣመመው ቢቀድም ሩቅ ያለው ሰው እንደ ጎተ ይሳሳታል፣ ወይም እንደ ለንደኑ ቀራጭ ባዶውን በራሱ አገር ዛፍ ይሞላዋል፤ የቆቦ ልጅም የሚስቅበት ነገር አያገኝም። አስቀድሞ አንድ ሰው ከቦታው ተቀምጦ የገበያውን አሰፋፈር፣ የግመሉን መቆሚያ፣ የጎርፉን ግድብ፣ የተረፈውንና የፈረሰውን ቤት በልኩ መንደፍ አለበት። ከተማዪቱ በልጆቿ ዓይን ከታወቀች በኋላ የፈለገ ሠዓሊ በጣራዋ ላይ ድመት ሳይሆን ግመል ያውጣባት።

ለዚህ ሥራ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ ብዕር፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም ይበቃል። ከየት እንደሚጀመር ለሚጠይቅም ከቆቦ ወደ ምሥራቅ መመልከት ነው። ጠዋት ፀሐይ ከዞብል ተራራ ኋላ ስትወጣ ተራራው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥቁር መሥመር ሆኖ ይታያል፤ ማታ ከላስታ አፋፍ በኩል ስትጠልቅ ያው ተራራ ፊቱ ይቀላል።