የእንግሊዝ ቻናል ዋናተኞችና የቅዝቃዜ አደጋ

እንግሊዝን ከፈረንሳይ የሚለየውን የእንግሊዝ ቻናል ያለ ምንም አጋዥ መሣሪያ በዋና በመሻገር የመጀመሪያው ሰው ካፒቴን ማቲው ዌብ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1875 ከዶቨር ተነሥቶ በማግስቱ ካሌ አጠገብ ከመሬት ሲደርስ፣ በውሃ ውስጥ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቆይቶ ነበር። ገላውን የባሕር እንስሳ ዘይት ተቀብቷል፤ በመንገዱም ብራንዲ ይጎነጭ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ቅባቱ ቆዳን ከመፋተግ ያድናል እንጂ ቅዝቃዜን እምብዛም አይከላከልም። ብራንዲውማ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ጭራሹን ሙቀት ያባክናል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ከገላ የሚወስድ በመሆኑ፣ ዌብን ያዳነው ነገር ሌላ መሆን አለበት።

ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ የተገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ተራራ ላይ ከወጣው ቡድን ጋር የነበረው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ግሪፊዝ ፒው፣ ከኦቶ ኤድሆልም ጋር በመሆን የቻናሉን ዋናተኞች አጥንቶ ውጤቱን በ1955 በላንሴት መጽሔት አሳተመ። ከተጠኚዎቹ አንዱ ጄሰን ዚርጋኖስ የተባለ የግሪክ ጦር መኮንን ነበር። ቀጭኑ ፒው ራሱን ከዚህ ወፍራም ሰው ጋር አነጻጸረ። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተመራማሪው የውስጥ ሙቀት ሲያሽቆለቁል የዋናተኛው ግን ጸንቶ ቆየ። ምክንያቱ ከቆዳ ሥር ያለው የስብ ሽፋንና በብርቱ ዋና ጊዜ ጡንቻ የሚያመነጨው ሙቀት ነው።

ሆኖም ስብም ወሰን አለው። ያው ዚርጋኖስ እ.ኤ.አ. በ1959 ከቻናሉ ይበልጥ የሚቀዘቅዘውን፣ አየርላንድን ከስኮትላንድ የሚለየውን ሰሜን ቻናል ለመሻገር ሞከረ። ከብዙ ሰዓታት ዋና በኋላ ራሱን ስቶ ከውሃው ወጣ። አብሮት የነበረው ሐኪም በኪስ ቢላዋ ደረቱን ከፍቶ ልቡን ለማንቀሳቀስ እስከ መጣር ቢደርስም ሊያተርፈው አልቻለም። ከዓመታት በፊት ቅዝቃዜን በመቋቋም ያስደነቀው ያ ሰው በቅዝቃዜ ሞተ።

የሃይፖተርሚያ ክፋቱ ማስተዋልን አስቀድሞ መንሣቱ ነው። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ዋናተኛው ንግግሩ ይጎተታል፤ ክንዱን የሚያነሣበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ እርሱ ግን «ደኅና ነኝ» ይላል። ስለዚህ ውጣ የሚለው ውሳኔ ለእርሱ ሊተው አይችልም፤ በጀልባው ላይ ያሉት ሰዎች ናቸው የሚወስኑት። ከወጣም በኋላ አደጋው አያበቃም። የውስጥ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ማሽቆልቆሉን ይቀጥላል፤ የውሃው ግፊት ሲቀርም የደም ግፊቱ በድንገት ሊወድቅ ይችላል። አግድም አስተኝቶ ማውጣት፣ እርጥቡን ልብስ በዝግታ ገፎ መጠቅለል እንጂ ማሸት አይገባም። የቀዘቀዘ ልብ በትንሽ መናጥ ምቱ ሊዛባ ይችላልና። ሙቀቱን ለመለካትም ቀድሞ በየክሊኒኩ የተለመደ የነበረው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር አይበቃም፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ35 ዲግሪ ነው።