የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ

የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በድሬዳዋ ከተማ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቅ የነበረው የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር ጣቢያ ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ) ነው። ጣቢያ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ለነበረ ከተማ ይሠራል፤ ድሬዳዋ ግን ጣቢያው ከተተከለ በኋላ በዙሪያው የበቀለች ከተማ ናት።

አመሠራረት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። በፈቃዱ መሠረት መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር መግባት፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ መቀጠል ነበረበት። የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ።

ይሁን እንጂ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የተራራ ከተማ ናት። ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ መሐንዲሶቹ ከተራራው ግርጌ፣ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን ሜዳ መረጡ። አዲሱ ሥፍራ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ስያሜው አልሰነበተም፤ የባቡሩ መስመርም ሐረር ገብቶ አያውቅም።

ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ሲደርስ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የኢጣሊያ መንግሥታት ፉክክርም ሥራውን አጓተተው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ለከተማዋ ዕድገት ወሳኝ የሆነው ይህ የቆመበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል። ድሬዳዋ ለበርካታ ዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ስለነበረች፣ ወደ መሀል አገር የሚሄደው ዕቃ ሁሉ እዚህ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ቡናና ቆዳም በተቃራኒው መንገድ መጥቶ ባቡር ላይ ይወጣ ነበር። ነጋዴው፣ መጋዘኑና ጉምሩኩ የሰፈሩት ይህን ተከትለው ነው።

አቀማመጥ

የጣቢያው ዋና ሕንፃ ፊቱን ወደ ከዚራ አደባባይ ያዞረ ሲሆን ሐዲዶቹ፣ የዕቃ መጋዘኖቹና ሰፊው የጥገና ወርክሾፕ ከበስተጀርባው ይገኛሉ። ከዚራ በኩባንያው መሐንዲሶች ፕላን የተሠራ ነው። ቀጥ ያሉና ዛፍ የተተከለባቸው መንገዶቹ ከጣቢያው ይነሣሉ። መጀመሪያ የሰፈሩበትም የኩባንያው ሠራተኞችና ፈረንሳይ፣ ግሪክና አርመን ነጋዴዎች ነበሩ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በገበያና በጠባብ መንገዶች ዙሪያ ያደገ አሮጌ ሰፈር ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ቢሆንም ሲሞላ አደገኛ ነው፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ያመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

784 ኪሎ ሜትር ርዝመት በነበረው መስመር ላይ ድሬዳዋ የጉዞው ማረፊያ ነበረች። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመግባት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። ዋናው ወርክሾፕም እዚሁ በመሆኑ የእንፋሎት ባቡሮች፣ በኋላም የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ዲዝል ሎኮሞቲቮች፣ እንዲሁም በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የመጡት ሊቶሪናዎች የሚጠገኑት እዚህ ነበር። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበረ ከባለሙያዎቹ ብዙዎቹ ሙያውን ከነቋንቋው ተምረዋል። በአዲስ አበባ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

መዳከም

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲነሣ የመስመሩ ድልድዮች ፈርሰው አገልግሎቱ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ያደረገው ሙከራ ከሸፈ። መስመሩ ተጠግኖ ቢከፈትም ሐዲዱና ባቡሮቹ እያረጁ ሄዱ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊው ይህ እንደሆነ ይነገራል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ያለው አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። ወደ ደወሌ የሚሄደው ክፍል ግን ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ሠርቷል።

አዲሱ ጣቢያ

በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱም በ2010 ዓ.ም. ተጀመረ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሮጌው 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለዚህ በከዚራ ግቢ ካሉት ባቡሮች አንዱም በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። የድሬዳዋ አዲስ ጣቢያም የተሠራው ከመሀል ከተማው ውጭ ነው። ለጭነት ባቡር ይህ ያመቻል፤ ቀድሞ ከቤቱ በእግሩ ወደ ጣቢያው ይሄድ የነበረው መንገደኛ ግን አሁን ታክሲ ወይም ባጃጅ መያዝ አለበት።

አሮጌው ጣቢያና ወርክሾፑ እስካሁን አሉ። በግቢው ውስጥ የቆሙ ፉርጎዎች፣ ሎኮሞቲቮችና የጥገና ማሽኖች ይታያሉ።