የደሴ ዙሪያ እና የቃሉ ምርጫ ታሪክ

ደሴ ዙሪያና ቃሉ በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኙ የገጠር ወረዳዎች ናቸው። ደሴ ዙሪያ ደሴን፣ ቃሉ ኮምቦልቻን ይጎራበታሉ።

በዘውዱ ዘመን። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950፣ የመጨረሻው በ1965 ዓ.ም. ተካሄደ። ፓርቲ አልነበረም፤ ለዕጩነት የንብረት መስፈርት ስለነበረ ደሀው ገበሬ ይመርጣል እንጂ አይመረጥም ነበር።

በደርግ ዘመን። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ፤ ሕጋዊው ፓርቲ ኢሠፓ ብቻ ነበር።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ። ከየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ለ5 ዓመት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይገባል። ከ547ቱ መቀመጫዎች 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። ብርቱው ፉክክር የታየው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአገር ደረጃ ተቃዋሚው ቅንጅት 109 መቀመጫ አገኘ። በ2007 ዓ.ም. ግን ገዢው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም ወሰዱ። ስድስተኛው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ተይዘው የነበሩት ከተሞች በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሱ።