ከምንጩ በላይ

መካነ ሰላም ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይነገረው ይገባዋል፤ ይኸውም ከደጋው የወረደ ውሃ ሁሉ ወደ ቆላው፥ ከቆላውም ወደ ዓባይ መሄዱ ነው። በልጅነቴ ውሃ ስንቀዳ ሽማግሌዎች «ከምንጩ በላይ አትጠቡ» እያሉ ሲገሥጹን፥ ነገሩ የእርጅና ቁጣ ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙን ያስተማረኝ ከአገሬ ርቆ በጉጂ የሚኖር ሕዝብ ታሪክ ነው።

በጉጂ ምድር፥ በሻኪሶ አጠገብ፥ ለገደንቢ የሚባል የወርቅ ማዕድን አለ። በ1989 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወደ ሚድሮክ ተዛወረ። ወርቁ ከድንጋዩ የሚለየው በሳያናይድ ስለ ሆነ፥ ዝቃጩ በጥንቃቄ ካልተያዘ ወደ ወንዝ ወርዶ ሰውንም ከብትንም ይጎዳል። ነዋሪዎቹ፥ ሕፃናት አካላቸው ተጎድቶ እንደሚወለዱ፥ ከብቶቻቸውም እንደሚሞቱ እየተናገሩ ብዙ ዘመን አቤት አሉ። በ2010 ዓ.ም. የማዕድኑ ፈቃድ ለ10 ዓመት መታደሱን በሰሙ ጊዜ ግን በአንድነት ተነሥተው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ማዕድኑ በ2013 ዓ.ም. ሥራውን እንደገና ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ ስለ ብክለቱ የተደረገው ምርመራ ለነዋሪዎቹ በግልጥ አለመነገሩን ነቀፈ። ከዚህ የምንማረው፥ ጩኸት በር ቢያስከፍትም በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚይዘው ዕውቀት መሆኑን ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ማዕድን ፈጽሞ አይቆፈር ማለቴ አይደለም፤ አገር ያለ ሀብት አይቆምም። በወሎአችንም በአምባሰል፥ በውጫሌ በኩል፥ የድንጋይ ከሰል መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቆፋሪ ወደ ተራራህ በመጣ ጊዜ ከመቆጣትህ በፊት አንብብ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ሕዝቡ በጥናቱ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ ጥናቱን ጠይቅ፤ ማንበብ ለማይችሉት ጎረቤቶችህም አንብብላቸው። ውሃውም አስቀድሞ ይመርመር። ሳይቆፈር ያልተመረመረ ምንጭ፥ ከተበላሸ በኋላ «ንጹሕ ነበረ» ብሎ ማን ይመሰክርለታል?

ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ የተቆጡት ለራሳቸው አልነበረም፤ ከታች ሆኖ ለሚቀዳው፥ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሰው ነበር።