ሾተላይ፦ የአንድ ስም ታሪክና የቅድመ ወሊድ ምርመራ



የተሰበሰብንበት ሰፈር፣ ብስራተ ገብርኤል፣ በስሙ የፅንስን ዜና ይዟል፤ መልአኩ ለድንግል ማርያም ያበሠረውን። በአገራችን ግን የእርግዝና ዜና ሲሰማ ስጋትም አብሮ ይመጣል። ቀደምቶቻችን ለዚህ ስጋት ካወጧቸው ስሞች አንዱን፣ ሾተላይን፣ ዛሬ እንደ ታሪክ ሰነድ ላነበው እወዳለሁ።

በቀድሞው አነጋገር ሾተላይ ፅንስን የሚያስወርድ፣ የተወለደውንም ሕፃን የሚቀጥፍ ክፉ መንፈስ ነው። ሾተላይ አለባት የተባለች ሴት በደብተራ እጅ የተጻፈ፣ የክርስትና ስሟ የገባበት የብራና ክታብ ትይዝ ነበር። በብዙዎቹ ክታቦች የሚገኘው ጸሎት ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ በጦር እንደ ወጋት ይተርካል። እኔ እነዚህን ብራናዎች እንደ ሐዘን መዝገብ እመለከታቸዋለሁ፤ የሐኪም ቤት መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ለልጆቻቸው የሰጉ እናቶች ስም የቀረው በእነርሱ ላይ ነውና።

የሃያኛው መቶ ዘመን ሕክምና ያንን አንድ ስም ከፋፈለው። እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው የዋሰርማን የደም ምርመራ በእናቲቱ ላይ ምልክት ሳያሳይ ፅንሱን ሊገድል የሚችለውን ቂጥኝ ለመለየት አስቻለ። የደም ግፊት መለካትና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መፈለግ ፕሪኤክላምፕሲያን አጋለጠ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ላንድስታይነርና ዊነር የአርኤች የደም ዓይነትን ይፋ አደረጉ። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስትፀንስ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እርሷ ሲገባ፣ ሰውነቷ ያንን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ይሠራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ተከታዮቹ ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ የአንቲ ዲ መርፌ ይህን ይከላከላል፤ ዛሬ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።

አሁን ሾተላይ የሚለው ቃል በአብዛኛው የአርኤች አለመጣጣም መጠሪያ ሆኗል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አሮጌው ስም ሰፊ ነበር፣ አዲሱ ጠባብ ነው። ፅንስ ደጋግሞ የወረደባት ሴት ደሟ ፖዘቲቭ መሆኑን ሰምታ ‹‹ሾተላይ የለብኝም›› ብላ ክትትሏን ብታቋርጥ ቂጥኙ፣ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ደሟ ኔጌቲቭ የሆነችውም የበኩር ልጇ ጤነኛ ስለሆነ መርፌውን ብትተው ጉዳቱ በሚቀጥለው ልጅ ሊገለጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከሠለጠነ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያገኙ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 74 በመቶ ደረሱ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን በ2019ም 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ስምንት ጊዜ ነው። ልዩነቱ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ የደም ዓይነትን ይነግራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚነሣውን ፕሪኤክላምፕሲያ ግን ሊያሳይ አይችልም።

ክታብ ትይዝ ለነበረችው እናት የሕመሟን ምክንያት የሚለይላት አልነበረም። ለዛሬዋ እናት መለያው አለ፤ የሚጠቅማት ግን ደጋግማ ስትመጣና እኛም ደጋግመን ስንቀበላት ነው።