አያት ያስተማረችው ሊቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ የቅዱስ ባስልዮስ ስም ሲነሣ አስቀድሞ ወደ ልባችን የሚመጣው የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ፥ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት ታላቅ አባት ነው። ይህን ሊቅ ማን አስተማረው ብንል በቂሣርያ፥ በቍስጥንጥንያና በአቴና የነበሩ የዘመኑ መምህራን ይጠቀሱልናል። እርሱ ራሱ ግን የሃይማኖቱን ምንጭ መናገር ባስፈለገው ጊዜ የጠራው የአያቱን ስም ነው።

አያቱ ቅድስት ማክሪና ትባላለች። ስሟን ከወረሰችው ከልጅ ልጇ ለመለየት ታላቋ ማክሪና ይሏታል። የኖረችው በጳንጦስ ምድር፥ ዛሬ የቱርክ ሰሜናዊ ክፍል በሆነው ሀገር ነው። በዚያ የምትገኘው የኒዮቂሣርያ ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ገባሬ ተአምራት እ.ኤ.አ. በ270 ገደማ ዐርፏል። ቃሉ ግን በምእመናን አፍ አልሞተም ነበርና ማክሪና ያንን ትምህርት ተቀብላ በልቧ ጠበቀችው።

እ.ኤ.አ. በ303 ዲዮቅልጥያኖስ ያስነሣው ስደት ወደ ጳንጦስም ደረሰ። አብያተ ክርስቲያናት ፈረሱ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትም ተቃጠሉ። ማክሪናና ባሏ ቤታቸውን ትተው ወደ ተራራው ጫካ ሸሹ፤ በብርድና በዝናብ ሰባት ዓመት ያህል በዚያ ኖሩ። ስለ ክርስቶስ በመመስከራቸውም ንብረታቸው ተወረሰ። ልብ በሉ፤ መጽሐፍ በሚቃጠልበት ዘመን በልብ የተያዘን ቃል ማንም ሊወርሰው አልቻለም። ማክሪና ከጫካ ስትመለስ ለልጆቿ ያቆየችው ሀብት ይህ ነበረ።

ባስልዮስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ ነው። በሕፃንነቱ አያቱ የጎርጎርዮስን ትምህርት እየነገረች አሳደገችው። እናቱ ኤሜሊያም እንዲሁ ነበረች። ታላቂቱን ልጇን ታናሿን ማክሪናን ያስተማረቻት መጽሐፈ ጥበብንና መዝሙረ ዳዊትን ነው። ልጅቱ ከመኝታዋ ስትነሣ፥ ሥራ ስትጀምር፥ ለማዕድ ስትቀርብና ወደ መኝታዋ ስትሄድ የየሰዓቱን መዝሙር ትጸልይ ነበር። ከዚህ ቤት ባስልዮስ፥ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና የሰባስጥያው ጴጥሮስ ወጡ፤ ሦስቱም ጳጳሳት ሆኑ።

ታሪኩ ግን ሁሉ በጎ በጎ ብቻ አይደለም። ባስልዮስ ከአቴና በተመለሰ ጊዜ በንግግር ችሎታው ታብዮ ሌላውን ሁሉ ይንቅ እንደነበር ወንድሙ ጎርጎርዮስ ሳይሸሽግ ጽፎልናል። ከዚህ ትዕቢት የመለሰችው እኅቱ ማክሪና ናት። አቴና ያላየች፥ በእናቷ ጉልበት ሥር ዳዊት የተማረች ሴት የአቴናውን ምሩቅ ወደ ትሕትና መራችው። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ ቀድሞ ወዳጁ በነበረ ሰው ስለ ሃይማኖቱ በተከሰሰ ጊዜ ባስልዮስ መልስ ሲሰጥ ከእናቱና ከአያቱ ከማክሪና በልጅነቱ የተቀበለውን እምነት እንዳልለወጠ፥ ዘር ባሕርዩን ሳይለውጥ እንደሚያድግ እምነቱም በእርሱ እንዳደገ መሰከረ።

ወገኖቼ፥ ይህን ታሪክ ሳነብ የራሴ በደል ከፊቴ ይቆማል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ሄድሁ። በወሩ በ21 አያቴ ዝክሯን አዘጋጅታ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ነበር። ከማዕዱ በፊት እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትጸልይ አንድ የግእዝ ቃል አጣመመች። እኔም ዲያቆኑ፥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፥ በሰው ሁሉ ፊት «አያቴ፥ እንዲህ እኮ አይባልም» ብዬ አረምኋት። ዝም አለች። ማታ ብቻችንን ስንሆን «እኔ ሲሉ ሰምቼ ነው፥ አባቴ። እናቴም ሲሉ ሰምታ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት ድምፅዋን አሰምታ ስትጸልይ አልሰማኋትም።

ቃሉን ማረሜ ስሕተት አልነበረም፤ በሰው ፊት ማሳፈሬ ግን በደል ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እናትሽስ ከማን ሰማች? ማን አስተማራት?» ብዬ አለመጠየቄ ነው። ማንበብ የማትችል ሴት ጸሎቱን በጆሮዋ ተቀብላ፥ ጥጥ እየፈተለች በአፏ ስትደግመው ኖራ ለእኔ አድርሳልኛለች። ክህነት የተቀበልሁበት ፍቅረ ቤተ ክርስቲያን የተተከለብኝ በዚያ «በተጣመመው» ጸሎት ነው። አያቴ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ያልጠየቅኋትን ግን ከእንግዲህ የሚመልስልኝ የለም።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በእርሱ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያሳስበዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ኤጲስ ቆጶስ ለሆነ ሰው አያቱን ማስታወስ አላሳፈረውም። ጢሞቴዎስ ሐዋርያውን ከማግኘቱ በፊት በቤቱ መምህር ነበረችው።

ስለዚህ እኅቶቼና ወንድሞቼ፥ መማራችሁን አታቋርጡ፤ ባስልዮስም የአቴናን ትምህርት አልጣለውም፥ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አዋለው እንጂ። ነገር ግን እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ በዚህ ሳምንት ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ጸሎት ማን እንዳስተማራቸው፥ ጾሙን በችግር ዘመን እንዴት እንደጠበቁት፥ ስለ ማን ስለት እንደተሳሉ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። የተሳሳተ ቃል ብትሰሙ እርማቱ ይደርሳል፤ አስቀድማችሁ ስሟቸው።

የእናቶቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን፤ ያረፉትን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።